ሁለት ሞላ ወይስ አንድ ደህና ፍሬን?

ለብስክሌት አዋጪዎችና ለወላጆች ሁሉ



እንደሚታወቀው የሰፈራችን ወጣቶችና አንዳንድ ሠራተኞች ከዓመት በላይ በየወሩ እያዋጡ ያጠራቀሙት የብስክሌት መግዣ ገንዘብ ሞልቷል። በሥራ ቀን ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሚነዳ የተራራ ብስክሌት በጅምላ እንዲገዛ ታስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማንም አይቃወመውም። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ካነበብኩ በኋላ ዝም ብዬ ማለፍ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ማስታወቂያውን የለጠፉት ወንድማችን በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ያሉት ይህን ነው፦ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው፣ 21 ማርሽ፣ ዲስክ ፍሬን፣ አዲስ ከነላስቲኩ፣ አንድ ቁመት ለሁሉም፤ ነጋዴውም በጅምላ ዋጋ ይቀንስልናል። ሲሰሙት ጆሮ ይማርካል። ታዲያ አንድ በአንድ እንመርምረው፤ ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና።

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የምንነዳው የት ነው? ከሽሮ ሜዳ ተነስተን በስድስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርገን ፒያሳ እንወርዳለን፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ዳገት እንመለሳለን። አምስት የሥራ ቀን ማለት አሥር ጉዞ ነው፤ እሱም አስፋልትና ኮብልስቶን ነው። ጫካው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በአንዳንድ ዋና መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር ስለተዘረጋ የሥራ ቀኑ ጉዞ ወደፊትም የሚበዛ እንጂ የሚቀንስ አይደለም። ስለሆነም ለአንዱ የጫካ ቀን ብለን አሥሩን ጉዞ የሚያደክም ብስክሌት ብንገዛ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለችው መሆናችን ነው።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። አንዳንድ ወገኖች «የተራራ ብስክሌት ያለ ሞላ ምኑን የተራራ ሆነ?» ይላሉ። ኧረ ለመሆኑ የተራራ ብስክሌት ከየት እንደመጣ ጠይቀን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባለው አውራጃ፣ ጥቂት ወጣቶች ያረጁ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን ይዘው ከተራራ ቁልቁል የመሽቀዳደም ልማድ ጀመሩ። ሞላ የሚባል አልነበራቸውም። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ስለነበር በቁልቁለቱ ሙቀት ግራሱ ጨሶ ያልቃል፤ ታች ሲደርሱ ፈትተው እንደገና ግራስ መሙላት ነበረባቸው። ውድድሩ «ሪፓክ» ተብሎ የተጠራው ከዚሁ የተነሳ ነው፤ ትርጉሙም እንደገና መሙላት ማለት ነው። በ1977 ጆ ብሪዝ የተባለው ሰው ለዚሁ ሥራ ታስቦ የተሠራ አዲስ ብስክሌት አወጣ፤ እሱም ሞላ አልነበረውም። ሮክሾክስ የተባለው የፊት ሞላ ለገበያ የቀረበው በ1989 ነው። እንግዲህ የተራራ ብስክሌት የፈጠሩት ሰዎች ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ሞላ ነድተዋል። መጀመሪያ ያሳሰባቸው ምን ነበር? የሚይዝ ፍሬንና ዳገት የሚያወጣ ማርሽ! ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞላ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በደንብ የተሠራ የኋላ ሞላ ያለው ብስክሌት አለ፤ ዋጋው ግን እኛ ካዋጣነው ጋር የሚቀራረብ አይደለም። በእኛ ዋጋ የሚቀርበው ተራ ሞላ ነው። ጉዳቱም የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ብረት ይጨምራል። በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ ባለ ሁለት ሞላ ብስክሌት 17 እና 18 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ማታ ደክሞን ስንወጣ ያንን ብረት የሚገፋው ነጋዴው አይደለም፣ የእኛው ጉልበት ነው።

2ኛ/ ፔዳል በረገጥን ቁጥር የኋላው ሞላ ይረግጣል። ጉልበታችን ወደ ጎማው መሄዱ ቀርቶ ሞላ ማወዛወዣ ይሆናል።

3ኛ/ የኋላው ብረት የሚታጠፍበት መጋጠሚያ የራሱ ኩሽኔታ ወይም ቡሽ አለው። አንድ ክረምት የእንጦጦ ጭቃ ሲገባበት ይላላል፣ ይንቋቋል። የዚያ መለዋወጫ ከየት ይመጣል? ወንድማችን በማስታወቂያቸው አልነገሩንም።

4ኛ/ ደብተር፣ ምሳ ዕቃና የዝናብ ልብስ የምንጭንበት የኋላ መጫኛ በወጉ አይታሰርበትም። ለሥራ የሚሆን ብስክሌት ዕቃ ካልጫነ ምኑን ለሥራ ሆነ?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ የኋላ ሞላ የሌለው፣ ዋናው ብረቱ ጠንካራ የሆነ ብስክሌት ይሁን ነው። ከፊት ሞላ ካለው በአስፋልት ላይ የሚቆለፍ ይሁን፤ ተጭነው ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ እንጂ እንደ አልጋ ሽቦ የሚዘል አይሁን። ደህና የፊት ሞላ ካልተገኘ ደግሞ ጭራሹን የሌለው ይሻላል፤ ወፍራም ጎማ በራሱ ሞላ ነው።

ሁለተኛው ነገር ፍሬን ነው። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ለልጄ እንዲሁ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ሁለት ሞላ፣ «ዲስክ ፍሬን» የተባለ አዲስ ብስክሌት ገዝቼ ነበር። ነጋዴው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ጥፋቱ ሳልመረምር የገዛሁት የእኔው ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ከእንጦጦ ሲወርድ የፍሬኑ ሽቦ ረገበ፣ መጨበጫው መሪውን እስኪነካ ተጨበጠ፣ ብስክሌቱ ግን አልቆመም። ልጄ ለሰው ላለመድረስ ብሎ ራሱን ቦይ ውስጥ ጣለ። የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ብስክሌቱን ለማየት ሰው ሲመጣ ግን ያደነቀው ምኑን መሰላችሁ? ሞላውን!

ስለሆነም «ዲስክ» የሚለው ስም ብቻውን አያኩራራን። ዲስክ ፍሬን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሽቦ የሚሳብ፣ ሁለተኛው በዘይት የሚገፋ። በዘይት የሚሠራው ጥሩ ከሆነ በዝናብም በጭቃም የሚስተካከለው የለም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሸራው ሲያልቅ የሚተካ፣ አየር ሲገባው የሚያወጣለት ባለሙያ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በሽቦ የሚሳበው ርካሽ ዲስክ ደግሞ ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ዘወትር ማጥበቅ ይፈልጋል፤ ችላ ካሉት እንደ ልጄ ነው። ከእሱ ይልቅ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው፣ ረዣዥም ክንድ ያለው የጎማ ፍሬን፣ ጥሩ ከሆነ፣ ርካሽና አስተማማኝ ነው። የሸራ ላስቲኩን ማንም ሰው በአንድ መፍቻ ይቀይረዋል። ጉድለቱም አለው፤ በጭቃ ቸርኬውን ይበላዋልና በየጊዜው በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ቸርኬው ይለወጥ።

ሦስተኛው ማርሽ ነው። «21 ማርሽ» ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። 21 ማለት ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ማለት ነው፤ ሦስት ጊዜ ሰባት። ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ናቸው። መቁጠር ያለብን ማርሹን ሳይሆን ጥርሱን ነው። በብዙ ርካሽ ብስክሌቶች ላይ የፊቱ ትንሹ 28 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁም 28 ጥርስ ነው። በዚህ ላይ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር በ26 ኢንች ጎማ 2 ሜትር ገደማ ይኬዳል። የፊቱ 24፣ የኋላው 34 ቢሆን ግን 1 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ይኬዳል፤ ማለትም ዳገቱ ይቀላል። የእንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ አየሩ የሳሳ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ይህ ልዩነት በመንዳትና ወርዶ በመግፋት መካከል ያለ ልዩነት ነው። በ21 ማርሽ ብስክሌቱን እየገፋ የሚወጣ ሰው፣ በ8 ማርሽ ተቀምጦ በሚያልፈው ሊስቅ አይችልም።

አራተኛው ጎማ ነው። ጥርሱ እንደ ትራክተር የሆነ ጎማ በአስፋልት ላይ ይጮሃል፣ ይጎትታል፣ ቶሎ ያልቃል። መሐሉ የተያያዘና ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው፣ ወርዱ 2 ኢንች ገደማ የሆነ ጎማ ለሁለቱም ይበቃል። ቀሪው የንፋስ ጉዳይ ነው። ለመካከለኛ ክብደት ሰው በሥራ ቀን ከ45 እስከ 50 ፒ.ኤስ.አይ. ይነፋ፤ ጫካ ሲገባ ወደ 30 እና 35 ዝቅ ይደረግ፤ በጎማው ጎን ከተጻፈው ልክ ግን አይታለፍ። የባሕር ዛፍ ሥርና ድንጋይ ላይ ጎማው እንዲይዝ የሚያደርገው ይህ እንጂ የኋላ ሞላ አይደለም። ታዲያ አንድ የእጅ መንፊያ ከሁለት ሞላ በላይ ይጠቅማል ብል ተሳሳትኩ? የጎማውን ቁጥር ስትመርጡም፣ 26 ይሁን 27.5 ወይም 29፣ ከመግዛታችሁ በፊት ከመነዳሪው በሰፈራችን ጎሚስታ ዘንድ መኖሩን ጠይቁ።

አምስተኛውና ከሁሉ የገረመኝ «አንድ ቁመት ለሁሉም» የሚለው ነው። አይ ወንድሜ! ጫማ ስንገዛ አንድ ቁጥር ለሁሉም እንገዛለን እንዴ? 1 ሜትር ከ55 የሆነች እህታችንና 1 ሜትር ከ80 የሆነ ወንድማችን በአንድ ቁመት ብስክሌት እንዴት ይነዳሉ? አንደኛው ጉልበቱን ይታመማል፣ ሌላኛዋ እግሯ መሬት አይደርስም። መለኪያው ቀላል ነው። ብስክሌቱን በእግሮች መሐል አድርገን ስንቆም በላይኛው ብረትና በሰውነታችን መካከል ቢያንስ ሦስትና አራት ጣት ክፍተት ይኑር። ኮርቻው ላይ ተቀምጠን ተረከዛችንን ታች ባለው ፔዳል ላይ ስናሳርፍ ጉልበታችን ቀጥ ይበል።

በመጨረሻም «አዲስ ከነላስቲኩ» የሚለው። በዚያው ገንዘብ ያገለገለ ግን በጥሩ ፋብሪካ የተሠራ ብስክሌት ከተገኘ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ያገለገለውም ያታልላል፤ ይህን አልደብቅም። ስለዚህ መሪው ሥር ያለውን ብየዳ አይታችሁ ስንጥቅ ወይም እንደ ማዕበል የተሸበሸበ ቀለም ካለ ጥላችሁ ሂዱ። ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ከተወላገደ ጠይቁ። ፔዳሉን ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል። ካቴናውን ከፊተኛው ጥርስ ላይ በጣት ሳቡት፤ ርቆ ከወጣ አርጅቷል፤ ጥርሱንም በልቶት ሊሆን ይችላል።

«ልጆቹ ግን ባለ ሁለት ሞላውን ነው የሚወዱት» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ልጅ የሚያምር ነገር ይወዳል፤ እኛም ወደን ነበር። ገንዘቡ ግን እናቶች ከአስቤዛ፣ አባቶች ከትራንስፖርት ቀንሰው ያዋጡት ነው። ልጆቹም በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ ላይ ነድተው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ ማታ በሰላም እቤት መግባት አለባቸው። ውበቱ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የሚከተለውን ለአዋጪዎች ስብሰባ አቀርባለሁ፦

ሀ/ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ነጋዴው አንድ ብስክሌት አምጥቶ በሰፈራችን ዳገትና ቁልቁለት ላይ እንዲሞከር ይደረግ። የፊት ፍሬኑን ይዘን ወደ ፊት ስንገፋው የፊት ጎማው ቆሞ የኋላው ከመሬት ካልተነሳ አይገዛ። ነጋዴው አላመጣም ካለ መልሱን አገኘን ማለት ነው።

ለ/ የእያንዳንዱ አዋጪ ቁመት ተለክቶ ቢያንስ በሦስት ልክ ይገዛ።

ሐ/ ከገንዘቡ ላይ ለራስ ቁር፣ ለፊትና ለኋላ መብራት፣ ለጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎና ለአንድ ትርፍ ከመነዳሪ የሚሆን ተቀንሶ ይቀመጥ። ይህ ትርፍ ወጪ ሳይሆን የብስክሌቱ አካል ነው።

መ/ በሰፈራችን ብስክሌት ጠግኖ የሚያውቅ ሰው በምርጫው ላይ ይገኝ፤ ድካሙም ይከፈለው።

ማስታወቂያውን የለጠፉት ወንድማችን ተሳስተሃል ካሉኝ በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልስ ይስጡኝ፤ በአክብሮት አነባለሁ። ከተሳሳትኩ እታረማለሁ። ብቻ ገንዘቡ ከእጃችን ከመውጣቱ በፊት እንነጋገር፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ከሰፈሩ ነዋሪዎች አንዱ