የዘገየ ጥያቄና የነጋዴው ኪሳራ

አንድ መንግሥት ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዕዳው ልክ ነው። ሹማምንቱ ሲያመነቱ ያለፈው ቀን በማን መዝገብ እንደሚጻፍ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የግሪክ አገር ነገር ለዚህ ምስክር ስለሆነ ሩቅ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቀኖቹንም ለአንባቢ እንዲቀልሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፌአቸዋለሁ።

ግሪክ በ2002 ዓ.ም. ከኤውሮፓ መንግሥታትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 110 ቢልዮን ዩሮ ብድር ተፈቀደላት፤ በምትኩ ደመወዝና ጡረታ ቀነሰች፣ ግብርም ጨመረች። ዩሮ ከሌሎች ጋር የጋራ ገንዘብ ስለሆነ ዋጋውን ዝቅ አድርጋ ለመዳን አልቻለችም። ጥቅምት 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆርጅ ፓፓንድሬዎ አዲሱን የብድር ውል ሕዝቡ በድምፁ ይቍረጠው አሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሐሳቡ ተሻረ፤ ወዲያው እርሳቸውም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። የተተኩት ሉካስ ፓፓዴሞስ በሕዝብ ያልተመረጡ የባንክ ሰው ነበሩ።

የነጋዴው መከራ የጠናው ግን በ2007 ዓ.ም. ነው። ሰኔ 20 ቀን አሌክሲስ ጺፕራስ ሕዝቡ ሰኔ 28 ቀን ድምፅ እንዲሰጥ ጠሩ። ሰኔ 22 ቀን ባንኮች ተዘጉ፤ አንድ ሰው በቀን ከ60 ዩሮ በላይ እንዳያወጣ ተከለከለ። ወደ ውጭ አገር ገንዘብ ለመላክ የኮሚቴ ፈቃድ አስፈለገ፤ ዕቃ አቅራቢዎችም ቅድሚያ ካልተከፈለን አንልክም ይሉ ጀመር። ኤል ሲ ለመክፈት ወራት ተራ ስንጠብቅ ለኖርን ለእኛ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

የሚያስገርመው፣ ድምፅ የተሰጠበት የአበዳሪዎች ሐሳብ ጊዜው ሰኔ 23 ቀን አልፎ ነበር። ከመቶው 61 እጅ እንቢ አለ። ሐምሌ 6 ቀን ግን ያው መንግሥት ከባዱን ውል ተቀበለ። ባንኮች ሐምሌ 13 ቀን ቢከፈቱም፣ የገንዘቡ ቍጥጥር ጨርሶ የተነሣው ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው።

ተራው ሕዝብ ስለ ዕዳ ሒሳብ ምን ያውቃል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከፋዩ እርሱ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነበር። ጥፋቱ ቀነ ቀጠሮው ካለፈ በኋላ መጠየቁ፣ እንቢታውም ስንት እንደሚያስከፍል አስቀድሞ በግልጽ አለመነገሩ ነው። አበዳሪዎቹም ከወቀሳ አይድኑም። የዩሮ አገሮች የገንዘብ ሚኒስትሮች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በዚያን ጊዜ አይታተምም ነበርና፣ የአቴና ባለሱቅ የትኛው ሚኒስትር እንዳዘገየበት በምን ይወቅ?

መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ጺፕራስ እንደገና አሸነፉ። ውጤቱን ብንወደውም ብንጠላውም፣ መራጩ ውሉን አይቶ ስለ ፈረደ ይህኛው እውነተኛ ተጠያቂነት ነበር እላለሁ።

የእኛም መንግሥት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የ33 ሚልዮን ዶላር ወለድ ሳይከፍል ከቀረ ወዲህ ከአበዳሪዎች ጋር የተደረገው ንግግር ረጅም ጊዜ ፈጅቷል። ስለዚህ ንግድ ምክር ቤታችን እንዲህ ያለ ንግግር በተጀመረ ቍጥር ቀነ ቀጠሮውን፣ የተጠየቀውን ግዴታና የሚወስነውን መሥሪያ ቤት ከገንዘብ ሚኒስቴር ጠይቆ፣ አባሎች ዕቃ ከማዘዛቸው በፊት በዚህ ጋዜጣ ቢያወጣልን መልካም ነው።