ስታዲየሙን ከተመልካቹ ወንበር ጀምረን እናድስ

እ.ኤ.አ. በ2019 ክረምት የጅቡቲና የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድኖች በአገራቸው ሊግ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች ለሚካሄደው የአፍሪካ ውድድር፣ ለቻን፣ ማጣሪያ ተገናኝተው ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ የመልሱ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ተካሄደ። ኢትዮጵያ 1 ለ 0 እና 4 ለ 3 አሸንፋ አለፈች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ የጅቡቲ ቡድን ኢስዋቲኒን በሜዳው 2 ለ 1 ረትቶ በመልሱ ያለ ግብ በመለያየት ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ የምድብ ፉክክር ገባ። ለዚህች ትንሽ አገር ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ብዙ ሰው ልብ ያለው አይመስለኝም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ለ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ በአንድ ምድብ ሲደለደሉ፣ በሰኔ 2024 አንድ እኩል የተለያዩበትም ሆነ በመጋቢት 2025 ኢትዮጵያ 6 ለ 1 ያሸነፈችበት ጨዋታ የተካሄደው ኤል ጃዲዳ በምትባል የሞሮኮ ከተማ ነው። አዲስ አበባንና ጅቡቲን የሚያገናኝ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የባቡር ሐዲድ እያለ፣ ሁለቱ ቡድኖች ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በረው በባዕድ ሜዳ ተጋጠሙ። የካርቲየ 1 ሰፈር ነዋሪ፣ ጅቡቲያዊውም ሆነ እዚህ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ፣ በታክሲ ደርሶ ሊያየው የሚችለውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ተመለከተ።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ሃያ ሺህ ያህል ሰው ይይዛል የሚባለው የኤል ሐጅ ሐሰን ጉሌድ ስታዲየም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሚጠይቀውን መሥፈርት ስላላሟላ ጅቡቲ ከ2021 ጀምሮ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ “የሜዳዬ” የምትላቸውን ጨዋታዎች በሰው አገር ስታደርግ ቆይታለች። በኅዳር 2021 አልጄሪያን ያስተናገደችው ካይሮ ላይ ነበር። እድሳት እንደሚያስፈልግ የሚከራከር የለም። ክርክሩ መሆን ያለበት እድሳቱ ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው። በአካባቢያችን ስታዲየም ሲታደስ መጀመሪያ የሚነሳው ሳሩ ነው፤ ቀጥሎ የክቡር ትሪቡኑ ሶፋ፣ ቀጥሎ የአጥሩ ቀለም። ተመልካቹ የሚቀመጥበት፣ የሚገባበትና ውኃ የሚጠጣበት ቦታ “በሁለተኛው ምዕራፍ” ተብሎ ይታለፋል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። እድሳቱ ከተመልካቹ ቢጀመር ካፍ ከሚጠይቀው ዝርዝር አብዛኛው አብሮ ይሟላል፤ ስታዲየሙም ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ሰው ያገኛል።

የጅቡቲ ተመልካች የሚፈልገውን ለማወቅ የአየሩን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኻምሲን አቧራና ወላፈን ይዞ ይመጣል። ጣሪያ የሌለው የሲሚንቶ ደረጃ የጠጣውን ሙቀት ከቀትር በኋላ እስከ ማታ ይመልሳል፤ ስለዚህ አሥር ሰዓት ላይ የተቀመጠ ሰው ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሲሚንቶው ይጠብሰዋል። ከሥሩ ካርቶን ወይም ጋዜጣ አንጥፎ፣ በአንድ እጁ የውኃ ጠርሙስ ይዞ፣ በሌላው ዓይኑን ከልሎ ጨዋታ የሚያይ ሰው ልጁን ይዞ ተመልሶ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። እዚህ አገር ጥላ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ጥላ ስል ደግሞ የግድ ውድ የብረት ጣሪያ ማለቴ አይደለም፤ በምሰሶ ላይ የተወጠረ ጠንካራ ሸራ፣ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ ተደርጎ ከተሠራ፣ ከቆርቆሮ የተሻለ ቀዝቃዛ ነው። በየደረጃው ጫፍ ነፃ የመጠጥ ውኃ፣ ለሴቶች የተለየና በር ያለው መጸዳጃ፣ አካል ጉዳተኛ በተሽከርካሪ ወንበር የሚወጣበት መንገድ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወንበር፤ እነዚህን ለመሥራት የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። የፓውዛው መብራትም ቢሆን አብዛኛው ሰው ለቴሌቪዥን ካሜራ የሚተከል አድርጎ ያየዋል። ጅቡቲ ላይ ግን መብራት ከሁሉ በፊት የተመልካች ነው፤ ጨዋታው ፀሐይ ከጠለቀችና የመግሪብ ሶላት ካበቃ በኋላ እንዲጀመር የሚያስችለው እሱ ነውና። ከቀትር በኋላ ጫቱ ደርሶ ከተማው በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት ጨዋታ አድርጎ “ሰው አልመጣም” ማለት ተገቢ አይደለም።

ከወንበሩ በፊት ደግሞ በሩ አለ። በጥር 2022 በአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ውስጥ ካሜሩን ከኮሞሮስ ስትጫወት ስምንት ሰዎች በኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ ተረጋግጠው ሞቱ። ኦሌምቤ ያረጀ ስታዲየም አልነበረም። ለዚያው የአፍሪካ ዋንጫ የተሠራ፣ 60 ሺህ ሰው የሚይዝ አዲስ ሕንፃ ነበር። ሰዎቹን የገደላቸው የተዘጋ በርና በበሩ ፊት የተከማቸ፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ያጣ ሕዝብ ነው። በነሐሴ 2025ም ናይሮቢ ካሳራኒ ስታዲየም ላይ በቻን ጨዋታዎች ቲኬት የሌላቸው ሰዎች በሮቹን ጥሰው በመግባታቸው ካፍ ለኬንያና ዛምቢያ ጨዋታ የተመልካቹን ቁጥር ወደ 27 ሺህ ዝቅ አደረገ። ገንዘብ ከፍለው ሊገቡ የሚችሉ ሺዎች ውጭ ቀሩ ማለት ነው። ከእነዚህ ሁለት ከተሞች የሚገኘው ትምህርት ለጅቡቲ ርካሽ ነው፦ በሮቹን ማብዛት፣ እያንዳንዱን በር ከተወሰነ የወንበር ክፍል ጋር ማያያዝ፣ ቲኬቱን ቀደም ብሎ በስልክ ወይም በሰፈር ሱቅ መሸጥ፣ በጨዋታው ቀን በር ላይ ጨርሶ አለመሸጥ። ይህ ሁሉ ከአንድ የክቡር ትሪቡን አዳራሽ ያነሰ ወጪ ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ስታዲየም በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱንም ነገር ያስተምረናል፤ ያረጀ ስታዲየም ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም፣ እድሳት ያለ ዕቅድ ሲሄድ ምን እንደሚያስከትልም። ኢትዮጵያ በጥር 1962 የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ፣ የያኔዋን ግብፅ፣ 4 ለ 2 አሸንፋ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫዋን ያነሳችው እዚያ ነው፤ የ1968 እና የ1976 ውድድሮችንም አስተናግዷል። ተመልካቹ በዘመናት ውስጥ ለየማዕዘኑ ስም አውጥቶለታል፦ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ፣ ዳፍ ትራክ። ሰው በስም የሚጠራው ወንበር አለው ማለት ስታዲየሙ የሱ ነው ማለት ነው፤ ይህን ስሜት በብዙ ሚሊዮን ብር የተሠራ አዲስ ሕንፃ በአንድ ቀን አያገኘውም። ሆኖም ያ ስታዲየም ለእድሳት ተብሎ ሲዘጋ ከነሙሉው ተዘጋ፤ ወራት ይፈጃል የተባለው ዓመታት ሆነ፤ በዚያ መካከል የተመልካቹ ልማድ ተበተነ። ባሕር ዳርም በ2021 ከደቡብ አፍሪካው ጨዋታ በኋላ በካፍ ስትታገድ፣ ዋሊያዎቹ ጋናን ጆሃንስበርግ፣ ግብፅን ሊሎንግዌ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬ ሰላም ላይ “አስተናገዱ”። በሰኔ 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበትን ምሽት፣ ከሥልሳ ዓመት በፊት የነበረውን ፍጻሜ የሚያስታውስ ድል፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ከማላዊ በቀጥታ ሥርጭት ተከታተለው። ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ፤ ያረጀን ስታዲየም አድሱ፣ ነገር ግን ከነሙሉው አትዝጉ።

ክፍል በክፍል ማደስ እንደሚቻል ከሩቅም ከቅርብም ማስረጃ አለ። ቦስተን የሚገኘው ፌንዌይ ፓርክ የተባለው የቤዝቦል ስታዲየም የተከፈተው በ1912 ነው። በ1999 ባለቤቶቹ ጠባብና ያረጀ ነው ብለው በአዲስ ሊተኩት ዕቅድ አውጥተው ነበር። በ2002 የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች ግን ላለማፍረስ ወሰኑ። በየዓመቱ ውድድር በማይኖርባቸው የቅዝቃዜ ወራት ብቻ እየሠሩ፣ አንድ ዓመት መቀመጫ ሲጨምሩ፣ አንድ ዓመት መተላለፊያ ሲያሰፉ፣ አንድ ዓመት የውኃ መከላከያውን ሲጠግኑ፣ አሥር ዓመት ያህል ፈጅተው ጨረሱት። አንድም የውድድር ዘመን ሌላ ሜዳ አልተከራዩም። የወጣው 285 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለጅቡቲ የማይታሰብ ነው፤ ዘዴው ግን በማንኛውም በጀት ይሠራል። ወደ እኛ ስንጠጋ በ1997 የተከፈተው የካምፓላው ናምቡሌ ስታዲየም ተበላሽቶ ከቆየ በኋላ በአገሪቱ ሠራዊት መሐንዲሶች ታድሶ በ2024 የካፍ ፈቃድ አገኘ፤ በ2025ም ቻንን አስተናገደ። የጅቡቲ ሊግም በሙቀቱ ወራት ያርፋል፤ ሥራው በእነዚያ ወራት አንድ ጎን ብቻ እየተዘጋ ሊካሄድ ይችላል። የሠራተኛው ደኅንነት ግን በውሉ ውስጥ መግባት አለበት፤ በሐምሌ እኩለ ቀን ብረት የሚበየድበት አገር አይደለምና ሥራው በሌሊትና በማለዳ እንዲሆን ከመጀመሪያው ይታሰብ።

ከዚህ ይልቅ አዲስ እንሥራ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ የሚማርክ ነው፤ አዲስ ሕንፃ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ነገር ግን የአዲስ አበባው አደይ አበባ ስታዲየም ግንባታ በ2016 ተጀምሮ በ2025ም ገና አላለቀም ነበር። ከ50 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታቀደው የባሕር ዳር ስታዲየም የታገደው በመጠን ማነስ አልነበረም፤ ወንበርና ጣሪያን የመሳሰሉ የተመልካችና የተጫዋች አገልግሎቶች ስላልተሟሉለት ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ጅቡቲ አርባና ሃምሳ ሺህ ወንበር የሚሞላ ጨዋታ በዓመት ስንቴ ታገኛለች? ሃያ ሺህ ይበቃታል። እንዲያውም ወንበር ሲገጠምና መተላለፊያው ሲሰፋ ቁጥሩ ወደ አሥራ አምስት ሺህ ቢወርድ አይከፋኝም፤ በምቾት የተቀመጠ አሥራ አምስት ሺህ ሰው ከተጨናነቀ ሃያ ሺህ ይሻላል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የገንዘቡ ነው። የውኃ እጥረት፣ የሥራ አጥነትና የመኖሪያ ቤት ችግር ባለበት ከተማ ለኳስ ሜዳ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ጥያቄው በስድብ ሳይሆን በሂሳብ መመለስ አለበት። ሂሳቡ ደግሞ ባለማደስ የሚወጣውን ወጪም መቁጠር ይኖርበታል። ቡድኑ በ“ሜዳው” ሲጫወት እንኳ ለራሱ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ለሆቴልና ለሜዳ ኪራይ ይከፍላል፤ ከበር የሚገኘው ገቢ ደግሞ ከዜሮ አይርቅም። ያ ገንዘብ በየማጣሪያው ከአገር ይወጣል። ጨዋታው እዚህ ቢሆን የታክሲው፣ የሳምቡሳ ሻጯ፣ የሆቴሉ፣ ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣውን ደጋፊ የሚያስተናግደው የምግብ ቤት ገቢ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ በወጪና በቁጠባ መካከል አይደለም። አሁንም እየወጣ ያለው ገንዘብ ኤል ጃዲዳ ይቅር ወይስ ጅቡቲ ይምጣ ነው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ከተመልካቹ መጀመር የበለጠ ይጠቅማል፤ ጥላ፣ ውኃ፣ መጸዳጃና በር ከዝርዝሩ ውስጥ ርካሾቹ ናቸውና።

“ወጣቱ ለአርሰናልና ለባርሴሎና እንጂ ለአገር ውስጥ ኳስ ግድ የለውም” የሚለውም ይደጋገማል። የቀድሞው የአርሰናልና የባርሴሎና ተጫዋች አሌክስ ሶንግ በ2020 የጅቡቲውን አርታ ሶላር 7 ሲቀላቀል ወሬው ዓለምን ዞሮ ነበር። ተጫዋቹ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ ትኩረት የተገኘውን ተመልካች በቋሚነት ሊይዝ የሚችል ጥላና ወንበር ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰው ስም ላይ ባልተንጠለጠለ ነበር። ወጣቱ አውሮፓን የሚመርጠው ኳሱ ስለሚበልጥ ብቻ አይደለም፤ ሻይ ቤት ውስጥ ቬንትሌተር፣ ወንበርና ቀዝቃዛ ውኃ ስላለም ነው። ስታዲየሙ ቢያንስ ሻይ ቤቱ የሚሰጠውን ሳይሰጥ ደጋፊውን ከሃዲ ማለት አይችልም።

“ወንበሩን ይሰብሩታል፣ ቧንቧውን ይነቅሉታል” የሚለው ስጋት ግን ቀልድ አይደለም፤ በብዙ የአፍሪካ ስታዲየሞች የታየ ነው። እዚህ ደግሞ ሰው ባይሰብረው እንኳ የባሕሩ ጨው ብረቱን ይበላዋል። በኔ እምነት መልሱ ወንበር አለመግጠም ሳይሆን ለጥገና ገንዘብና ባለቤት አስቀድሞ መመደብ ነው። ከእያንዳንዱ ቲኬት የተወሰነው ድርሻ ለሌላ ሥራ በማይነካ ሂሳብ ይግባ፤ ሂሳቡን ፌዴሬሽኑ በየውድድር ዘመኑ መጨረሻ በይፋ ያሳውቅ። የተሰበረ ወንበር ከሚቀጥለው ጨዋታ በፊት የሚቀይር፣ የመጸዳጃውን ቁልፍ የያዘ፣ በስሙ የሚታወቅ አንድ ኃላፊ ይኑር። የየክፍሉ ሥራ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚያልቅ በስታዲየሙ በር ላይ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በሶማሊኛና በአፋርኛ ተጽፎ ይለጠፍ፤ የመጀመሪያው ሥራም የምሥራቁ ወይም የምዕራቡ ደረጃ ጥላና ውኃ ሆኖ ሊጉ ከሙቀቱ ወራት ሲመለስ የተጠናቀቀ ይሁን።