ኮምፒዩተርዎን ከመሸጥዎ በፊት ሕመሙን ይወቁለት

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይባላል። በጨርቃ ጨርቅ ንግድ የሚተዳደሩ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ሊያደርጉት የነበረው ይህንኑ ነው። ቤታቸው ያለውን ኮምፒዩተር ሸጠው አዲስ ላፕቶፕ ሊገዙ መነሣታቸውን ሲነግሩኝ ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። «ጠዋት ከፍቼው ቡናዬን ጠጥቼ ስመለስ ገና እየተነሣ ነው። የሒሳብ መዝገቤን ለመክፈት ደግሞ ሌላ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል» አሉኝ። ደላላው ለአሮጌው የሰጣቸው ዋጋ ከቁራሌው እምብዛም አይሻልም። አዲሱን ሊሸጥላቸው የተዘጋጀው ሱቅም «ጋሼ፣ ይሄማ ጊዜው አልፎበታል» ከማለት በቀር ክዳኑን ከፍቶ እንኳ አላየላቸውም።

በማግሥቱ አንድ የሠፈር ጠጋኝ ወጣት ፈታው። «ጋሼ፣ የደከመው ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ሌላው ደኅና ነው» አላቸው። በቦታው ኤስኤስዲ ተተካ። የከፈሉት ገንዘብ ለአዲሱ ላፕቶፕ ከተጠየቁት አንድ አሥረኛውን አልሞላም። ያ ሊሸጥ የነበረ ኮምፒዩተር ዛሬ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይነሣል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ሕመሙ ሳይታወቅ ኮምፒዩተር መለወጥ ገንዘብ መበተን ነው። ይህ ዕቃ በሙሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚከብድ ለነጋዴ አይነገርም። ስለዚህ ያለውን ማደስ የድህነት ምልክት ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ሕመሙ እንዴት ይታወቃል? ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው።

ኮምፒዩተሩ ጨርሶ የማይነሣ ከሆነ ሶኬቱንና ገመዱን በሌላ ዕቃ ይሞክሩ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የቆየ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። በብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ላይ 115 እና 230 ተብሎ የተጻፈበት ትንሽ ቀይ መቀየሪያ አለ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛ 220 ነው። መቀየሪያው 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ ይቃጠላል። በጣት ሊሠራ የሚችል ነገር በገንዘብ ይከፈልበታል ማለት ነው። አዳዲሶቹ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ መቀየሪያው የላቸውም።

ኮምፒዩተሩ ተነሥቶ «ጢጥ ጢጥ» እያለ ምስል ካላሳየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራም ነው። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው፣ እጅዎን ብረት አስነክተው፣ ራሙን ያውጡትና አቧራውን ጠርገው እስኪቆልፍ ድረስ መልሰው ይሰኩት። ሁለት ከሆኑ አንድ በአንድ ይሞክሯቸው።

መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አልቃለች። ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው። በጣም ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ቀኑ ሲዛባ የባንክ ገጾች አንከፈትም ይላሉ፣ የሚጻፈው የሽያጭ መዝገብም በተሳሳተ ቀን ይገባል። በዚህች ባትሪ ምክንያት «ቫይረስ ነው» ተብለው ፎርማት የተደረጉ ኮምፒዩተሮች ጥቂት አይደሉም። ሥራ ላይ እያለ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሙቀት ነው። ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ እንደሆነ ያጽዱት።

አሁን ወደ ዋናው ስሞታ እንምጣ፤ መንቀራፈፍ። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር የሚባል ሰሌዳ ይከፈታል። ሥራ ላይ እያሉ ይመልከቱት። ዲስክ የሚለው ዘወትር ወደ 100 በመቶ ከተጠጋ ማነቆው ሃርድ ዲስኩ ነው። ሜሞሪ የሚለው ከ90 በመቶ የማይወርድ ከሆነ ራሙ አንሷል። ሁለቱም ረግበው ፕሮሰሰሩ ብቻ የሚጨነቅ ከሆነ የትኛው ፕሮግራም እንደሚያስጨንቀው እዚያው ይታያል። የማያውቁት ከሆነ ቫይረስን መጠርጠር ያኔ ነው።

ሃርድ ዲስክ በውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አለው፤ የተበታተነ ፋይል በፈለገ ቁጥር መርፌው ይመላለሳል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ተራው የሳታ ኤስኤስዲ በሴኮንድ 500 ሜጋ ባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 150 ቢያነብ ነው። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ከሚደረጉ ለውጦች ሁሉ ለውጡ በዓይን የሚታየው ይህ ነው፤ መጀመሪያ ገንዘብ ማውጣት ያለብንም እዚህ ላይ ነው።

ራም ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ። ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፤ የላፕቶፕም ለዴስክቶፕ አይሆንም። አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት በላይ ሊጠቀም ስለማይችል 8 ቢጨምሩበትም ትርፉ ኪሳራ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ሽቅብ መውጣቱም መዘንጋት የለበትም። አምራቾቹ ፊታቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደሚገነቡ ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት በማዞራቸው ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ካላዘዘ ራም አይግዙ።

«ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ከመጠጋገን አዲስ መግዛት ይሻላል» የሚሉ አሉ። አንዳንድ ጊዜ እውነታቸውን ነው። ማዘርቦርዱ የተቃጠለበትን፣ ወይም የጥገናው ዋጋ ከተመሳሳይ ደኅና ኮምፒዩተር ግማሽ የሚበልጥበትን ማባበል ከንቱ ነው። የዊንዶውስ 10 ነገርም አለ። ማይክሮሶፍት ለዚህ ፕሮግራም ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። የባንክ ሥራዎን የሚሠሩበት ኮምፒዩተር ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም። ነገር ግን ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በአሮጌ ማሽን ላይ ለደብዳቤ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት በሚገባ ይሠራል። የሒሳብ ፕሮግራምዎ በዊንዶውስ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ያኔ መለወጡ ተገቢ ነው።

ለመለወጥ ከወሰኑም ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ «ኮር አይ 5 ነው» በሚል ቃል አይሸነገሉ። ዓመተ ምሕረቱን ሳይናገሩ «ኮሮላ ነው» እንደማለት ነው። ከጭረቱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 2400 የሚለው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ሁለተኛ ትውልድ ነው፤ 8400 የሚለው በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ስምንተኛ ትውልድ ነው። ስማቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል፤ እንደ መኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ነው። እንደ ቆጣሪውም ወደ ኋላ የሚመልሱት ስላሉ፣ ቁጥሩ እጅግ ካማረ መጠርጠር ነው። 2 ቴራ ባይት ተብሎ በፍላሽ ዋጋ የሚሸጥም ዕቃ አለ። ሲሰኩት 2 ቴራ ይላል፤ ሲሞሉት ግን የመጀመሪያውን ጥቂት ብቻ ይዞ ሌላውን ይበላዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይቅደም፤ ቅጂ። ነጋዴ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋበት ሌላ ይገዛል። በውስጡ ያለው የደንበኞች ዕዳ፣ የዕቃ ዝርዝርና የግብር መዝገብ ግን በገበያ አይገኝም። ሃርድ ዲስክዎ «ቀጭ ቀጭ» ማለት ከጀመረ ደጋግመው አያጥፉት፣ አያስነሡት፤ አስፈላጊውን ወዲያው ይቅዱና ለባለሙያ ይስጡት። «ፎርማት አድርጌ ልስጥዎት» ለሚል ጠጋኝም መጀመሪያ መልሱ «ፋይሌን የት አስቀመጥክልኝ?» መሆን አለበት። ሁለት ቅጂ ይኑርዎት፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።

ለሻጮችና ለደላሎችም አንድ ቃል አለኝ። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ የዲስኩን ዓይነት በደረሰኝ ላይ መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያን የሚጽፍ ሱቅ ለጊዜው አንድ ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ ወዳጄን የመሰለ ደንበኛ ግን ዘመድ አዝማዱን አስከትሎ ይመለስለታል። ገዢውም ቢሆን ሳይጻፍለት ገንዘቡን ባይቆጥር ይህ ልማድ በራሱ ጊዜ ይመጣል።

ወዳጄ ለአዲሱ ላፕቶፕ ያስቀመጡትን ገንዘብ ምን እንዳደረጉት ጠይቄያቸው ነበር። ለመስቀል ገበያ ተጨማሪ ጣቃ አስመጥተውበታል። ከዚያም ላይ ጥቂት ቀንሰው መዝገባቸውን የሚቀዱበት ውጫዊ ዲስክ ገዝተዋል። እኔን የሚጠይቀኝ ቢኖር ከሁለቱ ግዢ የሁለተኛው ይበልጣል እላለሁ።