«ዛሬ ማታ ይመጣል» እየተባለ 11 ቀን

ደብረ ታቦር ውስጥ ነሐሴ ማለት ዝናብ፣ ጭቃና ከጉና ወርዶ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ ማለት ነው። ባለፈው ክረምት በዚህ ላይ ጨለማ ተጨመረበት። አንድ ማታ መብረቅ ሲያስገመግም ሰፈራችን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር «ጧ!» አለ፤ ሰማያዊ ብልጭታ አየን፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ድርግም። «ዛሬ ማታ ይመጣል» አለ አንዱ። በነጋታውም እንዲሁ ተባለ። በ11ኛው ቀን መጣ።

ስለ ጨለማው ላለቅስባችሁ አይደለም። እኛ አገር ጨለማ ብርቅ አይደለም፤ ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ጭራሽ መብራት ያልገባለት ነው። በ2013 እና በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ላሊበላና ወልዲያን የመሳሰሉ የሰሜን ወሎ ከተሞች፣ የትግራይ ከተሞችም፣ ያለ መብራት የከረሙበትን ጊዜ የቆጠሩት በቀን ሳይሆን በወር ነው። ከዚያ ጋር ሲተያይ የእኛ 11 ቀን ምንም ነው። ግን በነዚያ ቀናት ቤታችን ውስጥ የሆነ አንድ ነገር አራታችንንም ሊገድለን ነበር። ስለዚህ ስልካችሁ ቻርጅ እያለው አንብቡት።

እውነቱን ልናገርና፣ በመጀመሪያው ቀን ያስጨነቀኝ ስልኬ ነበር። ጠዋት 64 ፐርሰንት፣ ማታ 31። ምንም ሳልሠራበት ለምን እንደሚያልቅ የገባኝ በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ የኔትወርክ ማማዎቹም የሚኖሩት በባትሪና በጄኔሬተር ነው። እነሱ ሲዳከሙ ስልካችን ሲግናል ፍለጋ ላይ ታች ሲል ባትሪውን ይጨርሳል። ኔትወርክ ከደከመ ኤሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉትና በሰዓት አንዴ ከፍታችሁ መልእክት እዩ። የስልኩን መብራት እንደ ኩራዝ አትጠቀሙበት፤ ለዚያ ርካሽ የእጅ ባትሪ አለ። ፓወር ባንኩ ላይ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ስለተጻፈ ደግሞ 5,000 የሚይዘውን ስልክ ሁለቴ ይሞላል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ መሐል ላይ የሚባክን አለ፣ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ቢተርፍ ነው።

ስለ ስልክ ይበቃል። በሁለተኛው ቀን እናቴ ያለችኝን ልንገራችሁ። እኔ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ያለውን ትንሽ የሶላር ሰሌዳ እያሞገስኩ ነው። «እሱ ሶላር የምትለው ምጣድ ያግላል?» አለችኝ።

አያግልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጠጣል። ለአንድ ሰዓት እንጀራ የተጋገረበት ኃይል የእኔን ስልክ ከ150 ጊዜ በላይ ይሞላል። ባለ 20 ዋት ሰሌዳ አምፖልና ስልክ ያስተዳድራል፣ እንጀራ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰጣል። ወጣቱ «መብራት ጠፋ» ሲል ቲክቶክ ጠፋ ማለቱ ነው፤ እናቴ ስትል ሊጡ ሊበላሽ ነው ማለቷ ነው። ሊጥ ደግሞ መብራት አይጠብቅም።

ስለዚህ ለዓመታት ጓዳ ውስጥ አቧራ የጠጣው የሸክላ ምጣድ ወጣ፣ ጉልቻ ተጎለተ። የነሐሴ ባሕር ዛፍ እርጥብ ነው፤ ከነበልባሉ ጭሱ ይበልጣል። እናቴና እህቴ ዓይናቸው በርበሬ መስሎ እየጋገሩ እኔ ጄኔሬተር ያለበት ሱቅ ወረፋ ይዤ ስልክ አስሞላለሁ። ውኃውም ከመብራቱ ጋር ሄደ፤ ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነውና። ጀሪካኑን ማን ተሸከመው? እህቴ። በሦስተኛው ቀን ነው ያፈርኩት፣ ዘግይቼ። የሰፈሩ ወፍጮ ቤትም ቆመ። ደግነቱ ጉና የገብስና የድንች አገር ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ በጨው ተጨብጦ ይበላል። ቆሎ አንድ ጊዜ ከተቆላ ሳምንት ይከርማል። እነዚህን የድሮ ሰው ምግብ እያልን ስንስቅባቸው የኖርነውን ያህል ሳቁብን።

አሁን ወደ አራተኛው ቀን ማታ።

ብርዱ ከፍቷል። «ዛሬ ማታ ይመጣል» ስለተባለ ደረቅ እንጨት አልገዛንም፤ ከሰዓት በኋላ በጥድፊያ ከሰል ገዛን። በረንዳው ላይ ድንች ቀቀልንና በላን። ማንደጃው ላይ ፍሙ ደምቆ ቀርቷል። እኔ ነኝ «ይኼ ሁሉ እሳት በከንቱ ከሚጠፋ» ብዬ አንስቼ ያስገባሁት። በሩን ዘጋን፣ ነፋስ እንዳይገባ ከሥር ጨርቅ ወተፍን። አራት ሰው በአንድ ክፍል፤ ሙቀቱ ደስ ይላል፣ ጨዋታውም ደርቷል።

እህቴ «ራሴን አመመኝ» አለች። «የጭሱ ነው፣ ይለቅሻል» አልኳት። እናቴ አቅለሸለሸኝ አለች። ታናሽ ወንድሜ ጥጉ ላይ ተኝቷል። ለመነሳት ስሞክር ጉልበቴ ከዳኝ። ያኔም ቢሆን ከሰሉ አልታሰበኝም። በሩ ተንኳኳ፤ የጎረቤታችን እናት ናቸው፣ ክብሪት ፍለጋ። ጨርቁን ገፍተው በሩን እንደከፈቱ «እናንተ ልጆች፣ ልትሞቱ ነው እንዴ!» ብለው ማንደጃውን በነጠላቸው ይዘው ወደ ዝናቡ ወረወሩት። ወንድሜን ጎትተን አወጣነው። ዝናቡ ላይ ነቃ፣ አስመለሰው። የዳንነው ሴትዮዋ ክብሪት ስላለቀባቸው ነው።

በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ የሚል ዜና ስንት ጊዜ አንብበን አልፈናል? ነገሩ ግን ጭስ አይደለም። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ዓይን አይቆጠቁጥ። «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል፣ ይግባ» የሚለው ልማዳችን ለዚህ ነው የሚያጠፋን። ጋዙ ደማችን ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተሸካሚ ከኦክስጅን 200 ጊዜ ገደማ በበለጠ ኃይል ይጣበቀዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ደብረ ታቦር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሮውንም አየሩ ስስ ነው። ጎኑ ውኃ ማስቀመጥ አያድንም። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ባንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ምክንያት አትፈልጉ፤ ውጡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። እንቅልፍ የያዘው ሰው ምልክቱን አይሰማውም፤ በዚያው ያሸልባል። ብርዱን በሌላ መንገድ መቻል ይቻላል፤ ውኃ ውጭ አፍልታችሁ በጠርሙስ ሞልታችሁ ጋቢ ውስጥ ያዙት፣ አንድ ላይ ተኙ። ማንደጃው ግን ደጅ ይደር።

ከሰሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ከኋላዬ ሆኖ የገፋኝ ግን «ዛሬ ማታ ይመጣል» የሚለው ወሬ ነው። በመጀመሪያው ቀን «ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል፣ መለወጫ እየተጠበቀ ነው፣ ከሳምንት በፊት አትጠብቁ» የሚል አንድ መልእክት ቢደርሰን ደረቅ እንጨት እንገዛ ነበር፣ ሊጡን እናሳንስ ነበር፣ ወፍጮው ወዳልቆመበት ሰፈር እህል እንልክ ነበር። መጥፎ ዜናም ይጠቅማል። በግንቦት 2011 የግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ሲቀንስ አገር አቀፍ ፈረቃ ታወጀ፤ ሰው ተማረረ፣ ግን ተራውን አውቆ በተራው ጋገረ። የሚሰብረው አለማወቁ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እንደ ማንኛችሁም ደስ ብሎኛል። 5,150 ሜጋ ዋት ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ ሁሉ ኃይል ወደ እናቴ ምጣድ የሚመጣው በአንድ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶና ሰፈር ውስጥ በተሰቀለ አንድ ትራንስፎርመር በኩል ነው። እሱ ከተቃጠለ ግድቡ ስንት ቢያመነጭ እኛ ጋ ዜሮ ነው። ምሰሶ ሲተከል ሪባን አይቆረጥም መሰለኝ፣ ወሬም የለውም። መወራት አለበት። የጠፋበትን ሰዓት፣ የጠፋበትን ምክንያትና የሚመለስበትን ቀን መጠየቅ ደግሞ ማማረር አይደለም፤ ሒሳቡን የምንከፍል ሰዎች ነን።

እስከዚያው እኛ ቤት ሕጉ ተለውጧል። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያው ሰዓት ለሳምንት እንደሆነ ቆጥረን ነው የምንነሳው። ቀድሞ የሚጠየቀው በሰፈሩ መድኃኒት በፍሪጅ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። አንድ አባት ኢንሱሊን ይወስዳሉ፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርገን፣ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ነፋሻ ጥላ ላይ አኖርንላቸው፤ እንደ ፍሪጅ ባይሆንም ከሙቀት ይጠብቃል። መብራት ወዳለበት ሰፈር መላክ ከተቻለ ግን የተሻለው እሱ ነው። ለዚህ የጉና ብርድ አንድ ጊዜ ጠቀመን።

ቡሄም በዚያው መሐል ዋለ። ልጆቹ ችቧቸውን ሲያበሩ በጨለመው ሰፈር እንደዚያ ዓመት አምሮ አይቼው አላውቅም። ይኼን ለማንም አላልኩም፤ እናቴ ብትሰማኝ በማማሰያ ታባርረኛለች።

በ11ኛው ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ሰፈሩ በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ፣ ልጆች አጨበጨቡ። እኔ ወደ ቴሌቪዥኑ ስሮጥ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። ኃይሉ ሲመለስ ወጣ ገባ ስለሚል ዕቃ ያቃጥላል፤ ሶኬቶቹን ቀድማ ነቃቅላለች፣ ምጣዱንም ጭምር። በርቶ ተረስቶ ሌሊት ቤት ያቃጠለ ምጣድ ታውቃለች። ግማሽ ሰዓት በአንድ አምፖል ተቀመጥን።

ከዚያ እህቴ ጉልቻውን ልታነሳ ወጣች። እናቴ ከውስጥ ተጣራች፦ «ተይው። እንጨቱን ብቻ አስገቡት፣ ዝናብ እንዳይመታው።»