በረዶም መዝገብ ይኑረው

ከጉና ራስ የሚነሣው ደመና ከቀትር በኋላ ጠቁሮና ተቆልሎ ወደ ጣና ሲያዘነብል፣ የሐሙሲት ገበሬ እጁን ከግንባሩ ላይ አጋድሞ ሽቅብ የሚመለከተው ዝናሙን ፈርቶ ሳይሆን ከዝናሙ ጋር የሚመጣውን በረዶ ፈርቶ ነው። የውኃው ጥፋት ታላቅ መሆኑን በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ፎገራና ሊቦ ከምከም አይተውታል፤ በረዶ ግን ሊያሸት የደረሰውን ገብስ አገዳውን ሰብሮ፣ ዛላውን አርግፎ፣ በጥቂት ደቂቃ ከጭቃ ጋር ይለውሰዋል፤ ከድንቹም የሚተርፈው የተላጠ ግንድ ብቻ ነው።

በረዶ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ሽቅብ ሲገሠግሥ የውኃውን ነጠብጣብ ወደ ውርጩ ጠፈር ያነሣዋል፤ እዚያም የረጋው ፍሬ ሌላውን ነጠብጣብ በላዩ እየደረበ ይደልብና ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል፤ ደጋው ለደመናው ቅርብ ስለ ሆነም ቀልጦ ሳያልቅ ማሳ ላይ ይደርሳል።

እንዲህ ያለውን ነገር መዝግቦ መያዝ ምን እንደሚጠቅም ከሩቅ ምሳሌ እንይ፤ በ2004 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ዋልታ ውቅያኖስ ላይ ታላቅ ዐውሎ ነፋስ በተነሣ ጊዜ፣ የሚያርስም የሚያጭድም በሌለበት ባሕር መንገዱና ኃይሉ በሳተላይት ክትትል ተጽፏል፤ በተከታዩ መስከረምም በባሕሩ ላይ የረጋው በረዶ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ጥበት ወረደ። ሊቃውንቱ ስለ ዋልታው ነፋሳት መለወጥ በድፍረት የሚከራከሩት ዓመት በዓመት የተጻፈ መዝገብ ስላላቸው ነው። በእኛ ዘንድ ግን የዝናም መለኪያው በረዶውን ከቀለጠ በኋላ እንደ ማናቸውም ውኃ በሚሊ ሜትር ይቈጥረዋል፤ ደግሞም በረዶ መንገዱ ጠባብ ነውና የአንዱን ማሳ አጥፍቶ የጎረቤቱን ሳይነካ፣ መለኪያ ካለበት ጣቢያም ሳይደርስ ያልፋል።

ሽማግሌዎቻችን ግን በጊዮርጊስ ዕለት፣ ከብት ሲገባ ብለው ቀኑንም ሰዓቱንም ያስታውሳሉ። በረዶው የወረደው በዓል ቢሻር ነው የሚሉም አሉ፤ ምሕላውንና ጸሎቱን እኔም ከልብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በመዓቱ ቀን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ጣቱን ሲቀስር ማየት እጅግ ያሳዝነኛል፤ የተመታው ሰው የሚሻው ዘርና እህል ነውና። ዕለቱን እንዲህ አጥብቆ የያዘ ሕዝብ ዓመቱንም ቢጽፍበት፣ በረዶው መብዛቱን ወይም ወሩን መለወጡን ልጆቻችን በማስረጃ ይናገሩ ነበር፤ የሰብል መድንም የሚቆምበት መሠረት ያገኝ ነበር።

ስለዚህ በየቀበሌው ያለው የግብርና ባለሙያ ከደብሩ ጸሐፊ ወይም ከትምህርት ቤቱ መምህር ጋር ሆኖ፣ በረዶ የወረደበትን ቀንና ሰዓት፣ የፍሬውን መጠን፣ የመጣበትን አቅጣጫ፣ የተመታውን ሰብልና ማሳ በአንድ መዝገብ ያስፍር፤ ግልባጩንም ደብረ ታቦር ላለው የዞኑ ግብርና መምሪያና ለኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ያድርስ፤ ሥራውም ከመጪው ሰኔ ሳያልፍ ይጀመር።