ራዲያተሩ ሲፈላ ልጆቹ የት ናቸው?

በአሮጌ ላንድክሩዘር ቤተሰብ ጭነን ወደ ገጠር ስንወጣ ስለ ጎማና ስለ ዘይት እናስባለን፤ የራዲያተር ክዳን ግን ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ያለውን ዳገት የወጣ ሰው ሞተር እንዴት እንደሚግል ያውቃል።

በራዲያተሩ ውስጥ የታፈነው ውኃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ገንፍሎ ይረጫል፤ ለማየት የተጠጋ ልጅ ፊቱን ያገኘዋል።

መርፌው ወደ ቀይ ከተጠጋ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ሞተሩን አጥፉ፤ ልጆቹን ከመንገዱም ከመኪናውም አርቁ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ራዲያተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን አትንኩ።

ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። ሳያብጥ ቀለበትና ልብስ አውልቁ፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ግን አትጎትቱ። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ ውኃ የቋጠረውን አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ከመውጣታችሁ በፊት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ የራዲያተሩን ውኃና ጎማ ቱቦዎቹን እዩ። ከምትጠጡት ሌላ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃም ጫኑ፤ ለመኪናውም ለሰውም ያስፈልጋል።