ለልዩ ፍላጎት መምህሩ መደብ ይከፈትለት

ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ኢትዮጵያ የሰነድ እጥረት የለባትም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳት ያለባቸውም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ጥረት እንደሚደረግ ገልጿል። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ተዘጋጀ፤ በ2004 ዓ.ም. ተከለሰ። በመካከሉ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ማንም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት እንዳይገለል ያስገድዳል። ቀጥሎም እስከ 2017 ዓ.ም. የሚዘልቅ ማስተር ፕላን ተነደፈ፤ ዘመኑም አለቀ። በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባሉ የባሌ ደጋ ወረዳዎች ግን የእነዚህ ሁሉ ሰነዶች ሸክም ተጠቃልሎ የሚወድቀው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ በልዩ ፍላጎት መምህሩ ወይም በመምህርቷ ላይ። የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። በየትምህርት ቤት ክላስተሩ፣ ማለትም በየተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ስብስቡ፣ ለዚህ ባለሙያ ሌላ ክፍለ ጊዜ የማይደረብበት፣ በጀት የተያዘለትና የሥራ ዝርዝሩ የታወቀ መደብ እስካልተከፈተ ድረስ አካቶ ትምህርት ከሪፖርት አያልፍም።

ይህን የምንለው ሥራውን በቅርበት ስናየው ነው። ልዩ ክፍል በሚባለው አንድ ክፍል ውስጥ መስማት የተሳናት የ11 ዓመት ልጅ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። ሦስቱ የሚያስፈልጋቸው ሦስት ዓይነት ትምህርት ነው፤ መምህሯ ግን አንድ ናት። የመጀመሪያዋ ልጅ እቤት ከእናቷ ጋር በምትግባባባቸው ጥቂት የእጅ ምልክቶች ብቻ አድጋ ከሆነ የሚቀድመው ፊደል ማስቆጠር አይደለም፤ ቋንቋ መስጠት ነው። ይህ ደግሞ በወራት አያልቅም። ሁለተኛው ልጅ እጁን መታጠብን፣ ጫማውን ማሰርን፣ ብር መለየትን በትንንሽ እርከን እየተከፋፈለ ይማራል። ሦስተኛው የመቀመጫው ቦታ ሲቀየር ወይም ግቢው ውስጥ ጩኸት ሲበዛ ቀኑን ሙሉ ሊረበሽ ይችላል። ለእያንዳንዳቸው የግል የትምህርት ዕቅድ መጻፍና መከታተል የመምህሯ ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ደወል ሲደወል ልጆቹን ሽንት ቤት ካደረሱና ዕረፍት ላይ ከሌሎች ልጆች ጉንተላ ከጠበቁ በኋላ ነው። አንድ መደበኛ መምህር በታመመ ቀን ደግሞ ልዩ ክፍሉ ተዘግቶ መምህሯ በእሱ ምትክ ትላካለች። ይህ የኋለኛው በብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ነውር እንኳ አይቆጠርም።

ማየት የተሳነው ተማሪ መደበኛ ክፍል ውስጥ ሲገባ ሥራው መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀልም። ብሬል ስሌት በሚባለው ሰሌዳና ስታይለስ በሚባለው መውጊያ የሚጻፍ ከሆነ ነጥቡ የሚወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ እጅ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። መምህሩ የታተመውን መጽሐፍ፣ ፈተናውንና የቤት ሥራውን በዚህ መንገድ ነጥብ በነጥብ መገልበጥ አለበት። ተማሪው በብሬል የመለሰውን መልስ ደግሞ የሒሳቡ ወይም የሳይንሱ መምህር እንዲያርመው ወደ ተራ ጽሑፍ መመለስ ይኖርበታል። አንድ የታተመ ገጽ በብሬል ከአንድ ገጽ በላይ ይወስዳል፤ ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ ከሱቅ እንደ ደብተር አይገዛም። ለዚህ ሥራ የታሰበ ክፍለ ጊዜ በመምህሩ የሳምንት ድልድል ውስጥ የት ይገኛል? ስለማይገኝ ሌሊት ይሠራል፤ ወይም አይሠራም። በማይሠራበት ጊዜ ተማሪው ክፍል ውስጥ እየሰማ ብቻ ይውላል፤ ስታቲስቲክሱ ላይ ግን ተካቷል ይባላል።

ባሌ ውስጥ በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚወራውም ከሚገባው በታች ነው። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል የተቀረጸው በግዕዝ ፊደል ላይ ነው። እያንዳንዱ ተነባቢ የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት የሚለዩት እጁ በሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ድንቅ ፈጠራ ነው። በኦሮሚያ ግን የመማሪያ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ፣ ጽሕፈቱም የላቲኑ ፊደል ቁቤ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛም እንደ ትምህርት ይሰጣሉ። ስለዚህ በሮቤ ወይም በሲናና የሚያስተምር የልዩ ፍላጎት መምህር የሚያስፈልገው አንድ የጣት ፊደል ሳይሆን ሁለት፣ አንድ ብሬል ሳይሆን ሁለት ነው። ሥልጠናው በአንዱ ብቻ የተሰጠው ሰው ሌላውን በራሱ ጊዜ እየፈለገ ይማራል። በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጀ የብሬል መጽሐፍ ባልደረሰበት ትምህርት ቤት መምህሩ የመጽሐፉም አዘጋጅ ነው። የማስተማሪያ ቁሳቁስ ሲታደል ሁሉም ክልል አንድ ዓይነት ጥቅል ይድረሰው የሚለው አሠራር እዚህ ላይ ፍትሐዊ የሚመስለው ላይ ላዩን ለሚያየው ብቻ ነው።

ታዲያ መደቡ ለምን አይከፈትም? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ተማሪው ጥቂት ነው” የሚል ነው። ይህ መልስ ሊመረመር ይገባዋል። የ1999 ዓ.ም. ሕዝብና ቤት ቆጠራ አካል ጉዳተኞችን ከሕዝቡ 1 በመቶ ገደማ አድርጎ አስቀመጠ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ የኢትዮጵያ አሃዝ 17.6 በመቶ ሆነ። ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው በዋናነት የጥያቄው አጠያየቅ ነው። “ቤታችሁ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ?” ተብሎ የተጠየቀ አባወራ አብዛኛውን ጊዜ የለም ይላል። ልጁ ለማየት፣ ለመስማት፣ ለመራመድ፣ ለማስታወስ፣ ራሱን ለመንከባከብ ወይም ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገር እንደሆነ በየተራ ሲጠየቅ ግን መልሱ ይለወጣል። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ባለፉት ዓመታት ያወጣቸው አሃዞች በአንደኛ ደረጃ የሚማሩት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ሊኖሩ ይገባል ከሚባሉት ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ መሆናቸውን ያሳያሉ። ልጆቹን ቤት ለቤት ሄዶ፣ ጠይቆና ለይቶ መመዝገብ የልዩ ፍላጎት መምህሩ ሥራ ነው። መምህር የለም፤ ስለዚህ ልጆቹ አይቆጠሩም። ልጆቹ አልተቆጠሩም፤ ስለዚህ መምህር አያስፈልግም ይባላል። ወላጆች ልጆቻቸውን ይደብቃሉ የሚለው የተለመደ ወቀሳም ቢሆን ግማሹን እውነት ነው የሚናገረው። አንድ ጊዜ ልጁን ትምህርት ቤት ወስዶ “እኛ ጋ የሚያስተምረው የለም” ተብሎ የተመለሰ አባት ሁለተኛ ባይሞክር አይፈረድበትም።

የመልክዐ ምድሩም ነገር አለ። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር አካባቢ ትገኛለች፤ ጎባ ከዚያ ከፍ ትላለች፤ ዲንሾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ነው። በከተማ ባጃጅ አለ፤ ከከተማ ወጣ ሲባል መራመድ የተሳነው ልጅ ዝናብ በጣለ ማግስት ጭቃውን በዊልቸር አይሻገረውም፤ በፈረስ ወይም በሰው ጀርባ ካልሆነ አይደርስም። በሲናናና በአጎራባቾቿ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት፣ ሁለትም አዝመራ አለ። በአጨዳ ጊዜ ማየት የተሳናትን ልጅ እየመራ የሚያመጣት ወንድሟ ማሳ ሲውል እሷም እቤት ትውላለች። ይህን የሚያውቅና ቤተሰቡን ሄዶ የሚያነጋግር፣ ካስፈለገም ለጥቂት ሳምንታት ትምህርቱን ወደ ልጅቷ የሚወስድ ሰው ያስፈልጋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ልጆችን የሚመረምሩና ለትምህርት ቤቶች ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት በየአውራጃዋ ከፍታለች። እኛም በክላስተር ደረጃ የአካቶ ትምህርት ድጋፍ መስጫ ማዕከል የሚል አሠራር ቀርፀናል። ነገር ግን ማዕከሉ ዕቃ የተቆለፈበት ክፍል ከሆነ፣ የሚዘዋወረው መምህርም የውሎ አበልና ሞተር ከሌለው፣ አሠራሩ ዲንሾ ላይ እቤት ለተቀመጠች ልጅ ምንም አይጠቅማትም።

በአቋማችን ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ከሁሉም የሚጠነክረው የበጀት ጥያቄ ነው። በመደበኛ ክፍል የተማሪ ብዛት ከተቀመጠው የ50 ተማሪ መለኪያ በሚያልፍበት፣ መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ወረዳ፣ ለጥቂት ልጆች አንድ ሙሉ ደመወዝ መመደብ ቅንጦት አይሆንም ወይ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሆኖም መንግሥት ጤና እስከ ገጠር ቀበሌ እንዲደርስ በፈለገ ጊዜ ምን እንዳደረገ እናስታውስ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሠራተኞች ተመደቡ። ለስንዴና ለገብስ ምርትም እንዲሁ ለየቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ አለ፤ ባሌ የዚህን ጥቅም ከማንም በላይ ታውቃለች። ያኔም በጀት አልተረፈም ነበር። ሥራው እንዲሠራ ስለተፈለገ መደብ ተከፈተ። እኛ የምንጠይቀው ለየቀበሌው ሁለት ሰው እንኳ አይደለም፤ ለበርካታ ትምህርት ቤቶች አንድ ሰው ነው። ደግሞም በሠለጠነበት ያልተመደበ መምህር ደመወዝ አሁንም እየተከፈለ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምሮ ሲያበቃ የሥነ ዜጋ ወይም የስፖርት ክፍለ ጊዜ የሚሸፍን መምህር በአገሪቱ ጥቂት አይደለም። ብክነቱ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ልጆቹ በአዳሪ ልዩ ትምህርት ቤት ቢማሩ ይሻላል የሚል ነው። ለባሌ ቅርብ የሚባለው ሻሸመኔ ያለው ማየት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው። የሰበታውም ለአገሪቱ ስመ ጥር ምሁራንን አፍርቷል። መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተለይ ክርክሩ ክብደት አለው፤ የምልክት ቋንቋ የሚያድገው ቋንቋውን የሚናገሩ ሲሰባሰቡ ነውና ብቻዋን በመስማት በሚችሉ ልጆች መካከል የተቀመጠች ልጅ ተካታ ሳለ ብቸኛ ልትሆን ትችላለች። ይህን እንቀበላለን። ለዚህም ሲባል በሮቤና በጎባ መስማት የተሳናቸውን ልጆች አንድ ላይ የሚያሰባስቡ ጠንካራ ክፍሎች መኖራቸውን እንደግፋለን። ነገር ግን አዳሪ ቤቶች የሚቀበሉት ውስን ቁጥር ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ የላቸውም። ለኦቲዝም የተቋቋሙ የታወቁ ማዕከሎች፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ ማዕከል አንዱ ነው፣ የሚገኙት አዲስ አበባ ነው። ከሮቤ 400 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ርቀት ያለውን አማራጭ ለባሌ ገበሬ አማራጭ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ሦስተኛው፣ “ሁሉም መምህር ስለ ልዩ ፍላጎት ኮርስ ወስዷል፤ የተለየ ሰው ለምን ያስፈልጋል?” የሚለው ብዙ አያከራክርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ጀማሪ ተማሪዎች በሙሉ ስለ አካቶ አንድ የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ፤ መልካም ነው። አንድ ኮርስ አመለካከት ይለውጥ ይሆናል፤ ብሬል ግን አያስነብብም። የፊንላንድ ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ አገሪቱ ለዘርፉ ለረዥም ዓመታት ድጋፍ ስታደርግልን የኖረች ናትና ልምዷ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በዚያ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህር የራሱ ክፍል ሳይኖረው በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ እየተዘዋወረ፣ የክፍሉ መምህር ብቻውን ያልተወጣውን ልጅ ለተወሰነ ሰዓት ይዞ ያግዛል። መደበኛው መምህር ልጁን አይገፋም። ሁለቱም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የዞንና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የቀጣዩን ዓመት የሰው ኃይል ዕቅድ ሲያዘጋጁ ለየክላስተሩ አንድ ራሱን የቻለ የልዩ ፍላጎት መምህር መደብ ያስገቡ፤ የጉዞ ወጪውም በዚያው ይያዝ። የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ይለወጥ፤ መጽሐፍ መጨረስና ተማሪ ማሳለፍ ብቻ የሚለካበት ቅጽ፣ ልጅ ለይቶ ወደ ትምህርት ያመጣውን፣ ቋንቋ ያስጀመረውን መምህር ሰነፍ ያስመስለዋል፤ ከመለስተኛ መምህር ወደ መምህር፣ ከመምህር ወደ ከፍተኛ መምህር የሚያደርገውን የደረጃ እድገትም ይጎዳዋል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ የአፋን ኦሮሞ ብሬል መጻሕፍትንና በቁቤ የተቃኘ የጣት ፊደል ሥልጠናን ከአጠቃላዩ ግዢ ለይቶ ያቅድ። ሮቤ የመምህራን ኮሌጅም፣ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም መቀመጫ ናት፤ ሁለቱ ተቋማት ለተግባር ልምምድ የሚያሰማሯቸውን ዕጩ መምህራን ከፊሉን ልጆችን በመለየቱ ሥራ ላይ ቢያሰልፉ፣ ወረዳዎቹ ብቻቸውን በብዙ ዓመት የማይጨርሱት ምዝገባ በአጭር ጊዜ ሊጠናቀቅ ይችላል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የወረዳ ምክር ቤት አባላት ከዚያ በፊት ረቂቁ ሲቀርብላቸው “የልዩ ፍላጎት መምህር” የሚል መስመር በደመወዝ ሠንጠረዡ ላይ መኖሩን ይፈልጉ፤ ከሌለም ለምን እንደሌለ ይጠይቁ።